ዶክተር ሮበርት ኮክ፤ የግኝቱና የስሕተቱ ታሪክ

በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የሳንባ ነቀርሳን ያህል ሰው የፈጀ በሽታ አልነበረም። በጊዜው በተደረገው ግምት ከሚሞቱት ሰዎች ከሰባቱ አንዱ የሚሞተው በዚህ በሽታ ሲሆን፣ በሥራ ዕድሜ ላይ ከሚገኙት መካከልማ ድርሻው ከዚህም የበለጠ ነበር። ስለ መንስኤው ግን ሐኪሞች አልተስማሙም። ከፊሎቹ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ የሰውነት ድካም ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከድኽነት፣ ከጠባብ ቤትና ከተበላሸ አየር የሚመጣ ነው ይሉ ነበር። ዣን አንቷን ቪልሜን የተባለው ፈረንሳዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም በ1865 ዓ.ም. በሽታው ከሰው ወደ ጥንቸል እንደሚተላለፍ በሙከራ ቢያሳይም ቃሉን የተቀበለው ሰው ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ክርክር በአንድ ምሽት የቆረጠው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ነው። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ለዚሁ በሽታ መድኃኒት አገኘሁ ብሎ ዓለምን በተስፋ ያስፈነደቀውና ተስፋውም ባዶ ሆኖ የተገኘበት ይኸው ሰው ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ አጉልቶ ሁለተኛውን መሸፈን የተለመደ ቢሆንም ሁለቱ ተነጣጥለው ሊታዩ የሚገባቸው አይደሉም።

ሮበርት ኮክ ታኅሣሥ 11 ቀን 1843 ዓ.ም. በሐርዝ ተራሮች ላይ በምትገኘው ክላውስታል በተባለች የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ በማዕድን ሥራ ላይ ኃላፊነት የነበረው ሰው ሲሆን ቤቱ በልጅ የተሞላ ነበር፤ እናቱ የወለደቻቸው 13 ናቸው። በ1862 ዓ.ም. ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና አጠና። ከመምህራኑ አንዱ ያኮብ ሄንለ ይባላል። ይህ ሰው ከሃያ ዓመታት በፊት፣ ተላላፊ በሽታዎች ሕይወት ባላቸው ረቂቅ ነገሮች የሚመጡ ናቸው ብሎ የጻፈ፣ ነገር ግን ሐሳቡን በማስረጃ ለማጽናት የሚያስችል መሣሪያ በዘመኑ ያልነበረው ሊቅ ነው። ኮክ በ1866 ዓ.ም. ተመርቆ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ኤሚ ፍራትስ የተባለች የአገሩን ልጅ አገባ፤ ገርትሩድ የተባለች አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ጥቂት ዓመታት ከቦታ ቦታ ሲዘዋወርና በ1870 ዓ.ም. በጀርመንና በፈረንሳይ መካከል በተደረገው ጦርነት በፈቃደኝነት ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1872 ዓ.ም. ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ቮልሽታይን የወረዳ ሐኪም ሆኖ ተሾመ።

ይህ ሹመት ለምርምር የሚያበቃ አልነበረም። የወረዳ ሐኪም ቀን በሽተኛ ያያል፣ በሠረገላ ገጠር ለገጠር ይዞራል፣ ክትባት ይከትባል፣ የሞተ ሰው የምስክር ወረቀት ይጽፋል። ዩኒቨርሲቲ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሚወያይበት የሙያ ባልደረባ በአቅራቢያው የለም። ኮክ የሕሙማን መቀበያ ክፍሉን ከፊሉን በመጋረጃ ጋርዶ ከበስተጀርባው ማይክሮስኮፕ አስቀመጠ። ቤተ ሙከራው ይህ ነበር።

በአካባቢው በየጊዜው በጎችና ከብቶች በአባሰንጋ ያልቁ ነበር። የሞተውን ከብት ቆዳ የገፈፈና ሥጋውን የበላ ሰውም ይታመም ነበር፤ ይህ ለኢትዮጵያ አርብቶ አደርም እንግዳ ነገር አይደለም። በሞተው ከብት ደም ውስጥ ዘንግ የሚመስሉ ደቃቃ ነገሮች እንደሚታዩ ፖለንደር የተባለ ጀርመናዊና ዳቬን የተባለ ፈረንሳዊ ከኮክ በፊት ደርሰውበታል። ክርክሩ ዘንጎቹ የበሽታው መንስኤ ናቸው ወይስ ውጤቱ የሚል ነበር። ሌላም ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነበር። ለዓመታት ከብት ባልዋለበት መስክ ላይ የተሰማራ መንጋ በድንገት በአባሰንጋ ሲያልቅ ይታያል፤ ዘንጎቹ ግን ከእንስሳው አካል ሲወጡ ቶሎ የሚሞቱ ናቸው። ታዲያ በሽታው ያን ሁሉ ጊዜ የት ተሸሽጎ ከረመ?

ኮክ የእንጨት ስንጥር በእሳት እያጸዳ፣ አባሰንጋ የገደለውን እንስሳ ደም እየነካ በአይጦች ጅራት ሥር ያስገባ ጀመር። በማግስቱ አይጦቹ ሞተው ይገኛሉ፤ ጣፊያቸውም አብጦ በእነዚያ ዘንጎች ተሞልቶ ይታያል። የጤነኛ እንስሳ ደም የገባባቸው አይጦች ምንም አልሆኑም። ከሞተው አይጥ ወደ ሌላ አይጥ፣ ከዚያም ወደ ሌላ እያሸጋገረ ሲቀጥል ውጤቱ አልተለወጠም። ሆኖም ተቃዋሚው፣ ከዘንጎቹ ጋር አብሮ የተላለፈ ሌላ የደም መርዝ ሊኖር ይችላል ሊል እንደሚችል ኮክ አስቀድሞ አሰበ። ስለዚህ ዘንጎቹን ከደም አውጥቶ ለብቻቸው ለማሳደግ ተነሣ። ለዚህም የመረጠው ከታረደ በሬ ዓይን ውስጥ የሚገኘውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። በአንዲት ጠብታ ውስጥ ከጣፊያ የተወሰደ ቅንጣት አስገብቶ፣ ሙቀቷን ጠብቆ፣ ለሰዓታት በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ዘንጎቹ ረዘሙ፤ እንደ ክር ተጠላለፉ፤ በመጨረሻም በክሮቹ ውስጥ እንደ ዶቃ የተደረደሩ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቁ እንክብሎች ብቅ አሉ። እነዚህ ስፖሮች ድርቀትን ችለው ለረዥም ጊዜ እንደሚኖሩ፣ ምቹ ሁኔታ ሲያገኙም መልሰው ዘንግ እንደሚሆኑ አረጋገጠ። የመስኩ እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ።

በሚያዝያ 1876 ዓ.ም. መጨረሻ ኮክ መሣሪያውንና አይጦቹን ይዞ በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው የዕፀዋት ሊቅ ፈርዲናንድ ኮን ሄደ። ስሙን ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም ለሦስት ቀናት በሊቃውንቱ ፊት ሙከራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደጋግሞ አሳየ። የበሽታ ምርመራ ሊቅ የነበረው ዩሊየስ ኮንሃይም አይቶ ተደነቀ፤ ረዳቶቹንም ሄደው እንዲያዩ አዘዘ። ኮንም ጽሑፉን በራሱ መጽሔት ላይ አወጣለት። ኮክ በዚያ አዳራሽ የተከበረው በንግግሩ አልነበረም፤ ንግግር አዋቂም አልነበረም። የተከበረው ምንም ሳይደብቅ፣ ማንም ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ በገዛ እጁ ሊደግመው በሚችል መንገድ ስላቀረበ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልግ ልብ ይሏል።

በ1880 ዓ.ም. በበርሊን በሚገኘው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ፍሪድሪኽ ሌፍለርና ጌኦርግ ጋፍኪ የተባሉ ወጣት የጦር ሐኪሞች ረዳት ሆኑት። በዚያ ዘመን የባክቴሪያ ጥናት ዋና ችግር ቅልቅል ነበር። በሾርባ ውስጥ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች ተደበላልቀው ስለሚራቡ የትኛው ምን እንደሚሠራ መለየት አይቻልም። ኮክ በተቀቀለ ድንች ቁራጭ ገጽ ላይ የተለያየ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ሲበቅሉ አየ፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ስብስብ ሆኖ ተገኘ። ጠንካራ ገጽ ባክቴሪያውን በወደቀበት ያቆመዋል፤ ፈሳሽ ግን ያንከራትተዋል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ብዙ ባክቴሪያ ድንች ስለማይስማማው ኮክ ሾርባውን በጄላቲን አጠነከረ። ጄላቲን ደግሞ በሰውነት ሙቀት መጠን ይቀልጣል። መፍትሔውን ያመጣችው ከረዳቶቹ የአንዱ የቫልተር ሄሰ ባለቤት ፋኒ ሄሰ ናት። ለማዕድ በምትሠራው የፍራፍሬ ምግብ ውስጥ ከባሕር ሣር የሚገኘውን አጋር የምትጠቀም ስለነበረች ይህንኑ ለባሏ ሰጠችው። ኮክ አጋርን በጽሑፉ በአጭሩ ሲጠቅስ የእሷን ስም አላነሣም። ሌላው ረዳት ዩሊየስ ሪቻርድ ፔትሪ በ1887 ዓ.ም. ክዳን ያለውን ሳሕን ጨመረበት፤ በስሙም ተጠራ። ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚደረደረው የአጋር ሳሕን የተወለደው ከድንች፣ ከወጥ ቤትና ከእነዚህ ሰዎች ጥረት ነው።

ኮክ ይህን መሣሪያ ይዞ በነሐሴ 1881 ዓ.ም. ወደ ነቀርሳ ዞረ። የነቀርሳ ባሲለስ ለምርምር እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ዙሪያውን የሸፈነው ሰም መሰል ልባስ ቀለም አያስገባም። ኮክ አልካሊ በተጨመረበት ሰማያዊ ቀለም ለረዥም ሰዓት ነክሮ፣ በላዩ ቡናማ ቀለም ሲያፈስበት የሌላው ሕብረ ሕዋስ ሁሉ ወደ ቡናማ ተለውጦ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ብቻ ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ማሳደጉ ከዚህም የከፋ ነበር። አጋርም ጄላቲንም አልሆነለትም፤ በሙቀት በረጋ የደም ሴረም ላይ ዘርቶ ጠበቀ። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድና በሁለት ቀን ሲታዩ ይህ ግን አንድ ሳምንት አልፎ ምልክት አልሰጠም። ሌላ ሰው ቢሆን ቱቦዎቹን በደፋቸው ነበር። ኮክ ትዕግሥት ነበረውና በሁለተኛው ሳምንት ደረቅ ቅርፊት የሚመስሉ ጥቃቅን ኮሎኒዎች ብቅ ሲሉ አየ። ከእነሱ ወስዶ የወጋቸው ጊኒ ፒጎች በነቀርሳ ታመው ሞቱ፤ ከቁስላቸውም ያው ባሲለስ ተገኘ።

መጋቢት 24 ቀን 1882 ዓ.ም. ምሽት በበርሊን የፊዚዮሎጂ ማኅበር ስብሰባ ላይ ይህን ሁሉ አቀረበ። ክፍሉ ትንሽ ነበር፤ ኮክ ከ200 በላይ ስላይዶችና ናሙናዎች ይዞ መጥቶ በጠረጴዛዎቹ ላይ ደረደረ፤ ዝግ ባለ ድምፅም አነበበ። ንባቡ ሲያበቃ ጥያቄ ያቀረበ አልነበረም። ለመከራከር የሚሆን ቀዳዳ ስላልተገኘ ተሰብሳቢዎቹ ተነሥተው ወደ ማይክሮስኮፖቹ ሄዱ። ከመካከላቸው ፓውል ኤርሊኽ ይገኝበት ነበር፤ ይህ ወጣት ሐኪም ወዲያው የኮክን የማቅለሚያ ዘዴ ለማሻሻል ተነሣ። ባሲለሱ አንድ ጊዜ ከቀለመ በኋላ አሲድ እንኳ ቀለሙን እንደማያስለቅቀው አወቀ። በኋላ በጺልና በኔልሰን የተሻሻለው ይህ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ዙሪያ፣ በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችም ጭምር፣ አክታ ሲመረመርበት ኖሯል።

አንድ ባክቴሪያ የአንድ በሽታ መንስኤ ነው ለማለት በሕመምተኛው ሁሉ መገኘቱ፣ ተለይቶ በንጹሕ ማደጉና ወደ ጤነኛ እንስሳ ሲገባ ያንኑ በሽታ ማምጣቱ መረጋገጥ አለበት የሚለው ሕግ ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። ሌፍለር በ1884 ዓ.ም. በግልጽ ጻፈው፤ ኮክም በ1890 ዓ.ም. አጸናው። ሕጉ ፍጹም እንዳልሆነ ኮክ ራሱ ያውቅ ነበር። የሥጋ ደዌ ባሲለስ እስከ ዛሬ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ሊያድግ አልቻለም፤ ኮሌራን በጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ ያገኘው ደግሞ ኮክ ራሱ ነው።

የኮሌራው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። በ1883 ዓ.ም. በሽታው ግብፅ ሲገባ የጀርመንና የፈረንሳይ የምርምር ቡድኖች እየተፎካከሩ እስክንድርያ ወረዱ። ከፈረንሳዮቹ አንዱ፣ የፓስተር ረዳት ሉዊ ቱዪዬ፣ በዚያው በኮሌራ ሞተ፤ ኮክም የፖለቲካውን ቂም ትቶ ከቀባሪዎቹ አንዱ ሆነ። ወረርሽኙ ግብፅን ሲለቅ ኮክ ወደ ካልካታ ተሻግሮ በ1884 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎበጥ ያለውን ባሲለስ በንጹሕ አሳደገ፤ ሕዝቡ በሚጠጣበት ኩሬ ውስጥም አገኘው። ፊሊፖ ፓቺኒ የተባለ ጣሊያናዊ በ1854 ዓ.ም. ይህንኑ አይቶ ጽፎ ነበር፤ የሰማው ግን አልነበረም። የሚውኒኩ አረጋዊ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ባሲለሱ ብቻውን ኮሌራ አያመጣም ብሎ ስላመነ በ1892 ዓ.ም. ከካልቸሩ ጠጣ። ተቅማጥ ብቻ ይዞት ዳነ፤ ረትቻለሁም አለ። በዚያው ዓመት ግን በሐምቡርግ 8,600 ያህል ሰው በኮሌራ ሲያልቅ፣ ከዚያው ከኤልበ ወንዝ በስተታች እየቀዳች ውሃውን በአሸዋ የምታጣራው ጎረቤቷ አልቶና ብዙም ሳትነካ ቀረች። ይህን የመሰለ ማስረጃ ማንም ሊያዘጋጅ አይችልም።

አሁን ወደ 1890 ዓ.ም. እንመለስ። በነሐሴ ወር አሥረኛው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ በበርሊን ተካሄደ። የጀርመን መንግሥት አገሩን የሚያስከብር ታላቅ ዜና ይፈልግ ነበር፤ ኮክም ሥራው ሳይበስል እንዲናገር እንደተገፋፋ በሰፊው ይታመናል። በጉባኤው ላይ የነቀርሳ ባሲለስን እድገት በጊኒ ፒግ አካል ውስጥ የሚያግድ ንጥረ ነገር ማግኘቱን ገለጸ። በኅዳር ወር ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ መድኃኒቱን ለሰው መስጠት መጀመሩን፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ነቀርሳም በእርግጥ እንደሚድን አስታወቀ። ራሱን እንደወጋና ኃይለኛ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት እንደያዘውም ጻፈ። ከምን እንደተሠራ ግን አልተናገረም። ዳኑ ስለተባሉት ጊኒ ፒጎች ቁጥርም ሆነ ዝርዝር አላቀረበም። በብሬስላው ሦስት ቀን ሙሉ እያንዳንዱን እርምጃ ያሳየው፣ በበርሊን ከ200 በላይ ናሙና የደረደረው ሰው አሁን እመኑኝ ብቻ አለ። ዓለምም አመነው፤ ስሙ በቂ ማስረጃ ሆኗልና።

የሆነው ነገር ዛሬም ሲነበብ ልብ ይነካል። ሕመምተኞች ከየአገሩ በባቡር ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ሆቴሎች ሞሉ፤ ብዙዎች በመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሱ ስለነበሩ ለመመለስ አልታደሉም። መድኃኒቱን ለመማር የመጡ ሐኪሞችም ብዙ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሸርሎክ ሆምስ ደራሲ የሆነው ብሪታኒያዊው ሐኪም አርተር ኮናን ዶይል ሲሆን፣ የሕሙማን ክፍሎችን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ ነገሩ ገና ያልተፈተነ መሆኑን ለጋዜጣ ጻፈ። ከብዙ የሙያ ሊቃውንት ይልቅ አርቆ ያየው እሱ ነበር ማለት ይቻላል።

በጥር 1891 ዓ.ም. ሩዶልፍ ፊርኾ መርፌውን ተወግተው የሞቱትን ሰዎች አስከሬን መርምሮ ውጤቱን ለበርሊን ሐኪሞች አቀረበ። ባሲለሱ አልሞተም፤ እንዲያውም በአሮጌው ቁስል ዙሪያ አዳዲስ ቁስሎች ፈልተው፣ በሽታው ወደ ሌሎች የአካል ክፍሎች የተሠራጨባቸው ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮክ ምሥጢሩን ለመግለጥ ተገደደ። ቱበርክሊን የተባለው መድኃኒት በግሊሰሪን የተዘጋጀ የባሲለሱ ካልቸር ጭማቂ ኖሯል። መንግሥት ከሆስፒታሎች የሰበሰበው መረጃ ከ1,700 በላይ ሕመምተኞችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነሱ ውስጥ ዳኑ የተባሉት 30 እንኳ አልሞሉም። ኮክ በዚያን ጊዜ ረዥም ፈቃድ ወስዶ ወደ ግብፅ ሄዶ ነበር።

ይህ ስሕተት ከምን መጣ ለሚለው ጥያቄ የኮክን ባሕርይ የመረመሩ ሰዎች ልዩ ልዩ መልስ ሰጥተዋል። ከፓስተር ተቋም ጋር የነበረው ፉክክር አንዱ ነው፤ የራሱ ተቋም እንዲኖረውና ከመድኃኒቱም ገቢ እንዲያገኝ መፈለጉ ሌላው ነው። ሁሉም እውነትነት አላቸው። ይሁንና ዋናው ጉዳይ ሌላ ይመስላል። ኮክ ባሲለሱን ያወቀውን ያህል ሕመምተኛውን አላወቀም። ለእሱ በሽታው ማለት ባሲለሱ ነበር፤ ባሲለሱ የሰፈረበት ሕብረ ሕዋስ በመርፌው ሲቆስልና ሲሞት ማየቱ የመዳን ምልክት መሰለው። ያ ያየው ነገር የሰውነቱ መቆጣት እንጂ መዳን አልነበረም። የሚገርመው፣ ከዚህ ስሕተት አንድ የሚጠቅም ነገር ተረፈ፤ በነቀርሳ የተያዘ ሰው ወይም ከብት በጥቂት ቱበርክሊን ሲቆጣ ያልተያዘው አይቆጣም። ኮክ ራሱ ይህን በ1890 ዓ.ም. አመልክቶ ነበር። ፎን ፒርኬ በ1907 ዓ.ም.፣ ማንቱ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የቆዳ ምርመራ አድርገው አሻሻሉት። ባሲለሱን የሚያሸንፍ እውነተኛ መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው ግን በ1943 ዓ.ም. ነው።

የግል ሕይወቱም በእነዚሁ ዓመታት ተናጋ። ሄድቪግ ፍራይበርግ የተባለች ወጣት የሥዕል ተማሪ ወደደ፤ እሷም ቱበርክሊኑን በፈቃዷ ተወግታለታለች። በ1893 ዓ.ም. ኤሚን ፈትቶ ሄድቪግን ሲያገባ እሱ 49 ዓመቱ ነበር፣ እሷ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። የበርሊን ኅብረተሰብ ይህን ከቱበርክሊኑ ባላነሰ አጥብቆ ነቀፈው። ያም ሆኖ በ1891 ዓ.ም. የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ተቋቁሞለት ኃላፊ ሆነ፤ ቤሪንግ፣ ኪታሳቶና ኤርሊኽ በዙሪያው ሠርተዋል።

ከዚህ በኋላ አፍሪካን አዘወተረ። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት የጨረሰውና የክፉ ቀንን ረሃብ ያስከተለው የደስታ በሽታ ወደ ደቡብ እየወረደ በ1896 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ደርሶ ነበር። ኮክ ተጠርቶ ኪምበርሊ ሄደ፤ በበሽታው ከሞተ ከብት የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን ከብት እንደሚከላከል በጥቂት ወራት ውስጥ አስታወቀ። ዘዴው ጉድለት ስለነበረበት የእሱ ረዳት ኮለና ሌሎችም በሴረም አሻሻሉት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከብቱ ሲያልቅ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ አልደረሰም ነበር።

በ1901 ዓ.ም. ለንደን ላይ የከብት ነቀርሳ ለሰው ይህን ያህል አያሰጋም ብሎ ተናገረ፤ እንግሊዞች ለዓመታት መርምረው ወተቱ ሕፃናትን እንደሚያሳምም በማረጋገጣቸው ተሳስቶ ተገኘ። በ1905 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1906 እና በ1907 ዓ.ም. ደግሞ በቪክቶሪያ ሐይቅ በሴሴ ደሴቶች የእንቅልፍ በሽታ ሕመምተኞችን አቶክሲል በተባለ የአርሴኒክ ውሁድ አከመ። መጀመሪያ ተሐዋስያኑ ከደም ስለጠፉ ተስፋ አደረገ። በሽታው ሲመለስ መጠኑን ጨመረ። ከ20 በላይ ሕመምተኞች ዓይናቸው ጠፋ፤ ማየት የተሳናቸው ለዘለቄታው ነበር። ኮክ ከፍተኛውን መጠን አቆመ፤ መድኃኒቱን ግን አልተወም፤ ሕመምተኞች በልዩ ሠፈር እንዲከለሉም መከረ። እነዚያ ሰዎች በርሊን ሄደው ሊከሱት ወይም ጋዜጣ ላይ ሊጽፉበት የሚችሉ አልነበሩም፤ የሴሴ ጉዳይ ከቱበርክሊኑ ይልቅ ሳይወሳ የቆየውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ኮክ እስከ መጨረሻው ቱበርክሊንን ለማሻሻል ይጥር ነበር፤ አዳዲስ ዓይነቶችንም በ1897 እና በ1901 ዓ.ም. አውጥቷል። ሚያዝያ 7 ቀን 1910 ዓ.ም. በፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ነቀርሳ ሥርጭት ንግግር አደረገ። በቀናት ውስጥ ልቡ ታመመ። ለማረፍ ወደ ባደን ባደን ሄዶ ግንቦት 27 ቀን በ66 ዓመቱ ሞተ። አስከሬኑ ተቃጥሎ፣ አመዱ ዛሬ በስሙ በሚጠራው የበርሊን ተቋም ውስጥ በተዘጋጀለት ክፍል አረፈ።